«ለምን» እና «ተመስገን» በጣና ዳር

ዜማዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ከትናንት ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ባለቤታቸው ዓሣ ሊያጠምዱ በታንኳ ወጥተው የቀሩባቸው እማማ ባንቺአየሁ የሚባሉ እናት ጣና ዳር ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ለምን ወሰድህብኝ?» እያሉ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ወዲያው ደግሞ «ተመስገን» አሉ።

«የልብዎ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«ሁለቱም፣ ልጄ። ለበጎ እንደሚያደርገው ባላምንማ መች እጠይቀው ነበር?»

እኛ ሐዋሳ እኮ «ለበጎ ነው» ብለን የሐዘንተኛ አፍ እንዘጋለን! እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም አልገባኝም። ልጅሽን ካጣሽ ወዲህ መጸለይ እንዳቃተሽ ስነግራቸው ግን፣ «የክርስትና ስሟ ማን ነው? ስለ እሷም እጠይቀዋለሁ» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባለቤትሽን ጌትነትን ሰላም በይልኝ። የክርስትና ስምሽን ወለተ ሚካኤል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬም ውሃው ዳር ቆመው ስምሽን ሲጠሩ ሰማሁ።

ሩሐማሽ