ቀይ የነበሩት ሽሪምፖች

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

ሽሪምፖቼ፣ እነዚያ ጣት የማያክሉ ባለ ብዙ እግር የውሃ እንስሶች፣ ነጡ። ከአዲስ አበባ በውሃ በተሞላ ላስቲክ አቅፌ ሳመጣቸው እንደ በርበሬ ቀይ ነበሩ። ማክሰኞ እኔ ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ እናቴ ቅዳሜ ቤታችን ለሚሰበሰበው የጸሎት ኅብረት ቤቱን ስታጸዳ የመስታወት ገንዳቸውንም አልማረችም። ጥቁሩን ጠጠር «ቆሻሻ ነው» ብላ ደፋችው፤ በምትኩ ነጭ አሸዋ አጥባ አነጠፈችላቸው። ሽሪምፕ ደግሞ ጠላት እንዳያየው ጥቁር መሬት ላይ ቀለሙን ያደምቃል፣ ነጭ መሬት ላይ ይነጣል። ይህን ስንቴ ነግሬያታለሁ።

ዛሬ የኅብረቱ ሰዎች መጡ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ወደ ገንዳው ጎንበስ ብለው «ልጅሽ ቀይ ናቸው ስትል አልነበር እንዴ?» አሉ።

እናቴ ሳቀች። «እሷ እኮ ማጋነን ትወዳለች። ሥራም ልገባ ነው ካለችኝ ስንት ጊዜዋ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ጠጠሩን ስለ መድፋቷ ትንፍሽ አላለችም። እኔም በእንግዳ ፊት እናቱን የሚያሳፍር ልጅ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

እንግዶቹ ሲወጡ እናቴ የገንዳውን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችና «አየሽ፣ አሁን አማረ» አለችኝ።

አየሁ። የሚታየው አሸዋው ብቻ ነው።