አንበሳው ይተኛ

ሜይፌር፣ ጆሐንስበርግ
ሐምሌ 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማቴም ለእናቴም ለወይዘሮ በለጥሽ፤ የጌታ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ልጅዎ ሲላስ ያልደወለልዎት ጉንፋን ድምፁን ስለዘጋው ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ለብቻው ክፍል ገብቷል፤ ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። አያስቡ።

ዝማሬ አባቷን በጨዋታ ይዛዋለች። ጀፕ ከሚባለው የገበያ ሰፈር ካለ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛላት መጽሐፍ አለ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈረንጆች በመዳብ ላይ ቀርጸው ያተሟቸው ጉደኛ ፍጥረቶች ሞልተውበታል፦ የሰው ፊት ያለው ዓሣ፣ ክንፍ ያወጣ አንበሳ። እሷ ጭንቅላቱን ብቻ ወረቀት ላይ ገልብጣ በበሩ ሥር ታስገባለታለች፤ እሱ የቀረውን አካል ስሎ ይመልስላታል።

«አባዬ፣ ደግሞ የዶሮ እግር እንዳትሰጠው!»

«ታዲያ የማንን ልስጠው፣ የእናትሽን?» ይላት ነበር፣ ድምፁ ሳይዘጋ።

አሁን የሚመልስላት በጽሑፍ ነው። ትናንት የአንበሳው እግሮች እንደ ክር ቀጥነው፣ መስመሩም ተንቀጥቅጦ ወጣ። «ይኼ እንዴት ይቆማል?» ብትለው፣ ከሥሩ «ይተኛ» ብሎ ጻፈላት።

ዛሬ ጠዋት ያስገባችው ወረቀት ግን ጫፉ አሁንም ከበሩ ሥር ይታያል። «እያሰበበት ነው» አልኳት። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ፣ «ሲተነፍስ ይሰማኛል» ትለኛለች።

ሲላስን ሐኪም ቤት ልናደርሰው ጎረቤታችን ፌቨን መኪናዋን እስክታመጣ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ዝማሬ ወረቀቱን ከእርሳስ ጋር በአባቷ ጃኬት ኪስ ከታዋለች፤ «እዚያ ሆኖ ይጨርሰው» አለች።

ለምእመናኑ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ማታ ሲጸልዩ እንደ ወትሮው ሁላችንንም በስም ይጥሩን፤ ዛሬ ግን ከሲላስ ይጀምሩ።

ምራትዎ ማራናታ