ሐሙስ ላይ የሚያልቅ ናፍታ

ኅዳር 4

መኪናዬ ከጋራዥ ወጣች። ታጥባ፣ ዘይት ተቀይሮላት፣ ፊልትሮዎቿ አዲስ፣ የኋላ ፍሬን ሸራዋም አዲስ። ሙሽራ መስላለች። ሰርቪስ ያደረጋት ብሎን ነው፣ የትንሿ እህቴ እጮኛ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ኪሱ ውስጥ ሁሌ አንድ ብሎን አይጠፋም። ትልቁን ጋራዥ ለቆ የራሱን መክፈቱ ነው። የመጀመሪያ ደንበኛው ደግሞ እኔ!

ትንሿ ከሱ በላይ ተጨንቃለች። ደጋግማ ደወለች። "እንዴት ናት? ድምጿ ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው። ልቀቂኝ፣ ኬክ እየደረብኩ ነው።"

ነገ ሠርግ አለብኝ። የሰው ሠርግ። እኔ ኬኩን ብቻ።

ኅዳር 9

ናፍታ አለቀ። ሐሙስ ላይ! ሰኞ ጢም አድርጌ ከሞላሁ ቅዳሜን ተሻግሬ ነበር የማድረው። ያው ኬክ፣ ያው ካፌዎች፣ ያው መንገድ... መንገዱ ተጨናንቆ ይሆን? ወይስ ማደያው ሸወደኝ?

ማደያ ልቀይር።

ኅዳር 14

ማደያ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፣ መርፌዋ ከግማሽ በታች ወርዳለች። ዓይኔ እያየ።

ለብሎን ደወልኩለት። ቀለል አድርጌ፣ እየሳቅኩ ነበር የጀመርኩት።

"እትዬ፣ ማርሽ ዘግይተው እየቀየሩ ይሆን?"

ማርሽ! እሱ ብስክሌት ሳይለምድ እኔ መኪና ስነዳ ነበር።

"ወይ ደግሞ እግርዎ ትንሽ ከበድ ብሎ..."

"እግሬ ከሰርቪሱ ወዲህ ነው የከበደው?"

"እትዬ፣ ሥራዬ ልክ ነው።" ድምፁ ቀዘቀዘ። የኔም ቀዘቀዘ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ጠማማ ነው። ካፌ ያላቸው ማዳም፣ ትልቋ ደንበኛዬ፣ ካርቶኑን ሲቀበሉኝ አፍንጫቸውን ሸበሸቡ። "የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አሳርረሽው ነው?" እኔ? አሳርሬ አውቃለሁ? ሽታው ግን እውነትም አለ...

ማዳም ሁለት የማመላለሻ መኪና አላቸው። ጥሩ መካኒክ ፈልጊልኝ ካሉኝ ቆይተዋል። የብሎን ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ኅዳር 15

ምድጃውን ፈትጌ አጠብኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ኬኩ አላረረም፤ ቀምሼዋለሁ። ሦስት ቁራሽ... ለማረጋገጥ።

ኅዳር 16

ሐሙስ። ናፍታ አለቀ። እንደ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ!

ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ተደብቄ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከንፈሩን መጠጠ። "የናፍታ ፖምፓው አልቋል። ኢንጀክተሮቹም አብረው ይቀየሩ።"

"እስከ ሰርቪሱ ድረስ ደህና ነበረች እኮ።"

"መኪና አይደል? ድንገት ነው።"

ሳይነዳት! ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ! "ላስብበት" ብዬ ወጣሁ።

ተደብቄ ብያለሁ? የብሎን የድሮ ባልደረባ እዚያው ነበር ለካ። ቤት ሳልደርስ ትንሿ ደወለች።

"ሌላ ጋራዥ ወሰድሻት?"

"አሳየኋት እንጂ..."

"ገና በሩን ሲከፍት የገዛ ቤተሰቡ ሸሸው ሲባል ማን ይመጣለታል? አንቺ እኮ መጀመሪያም አልወደድሽውም።"

አልወደድኩትም? ልጁን እወደዋለሁ። ግን ስለ መኪናዬ ስነግረው ስለ እግሬ ነው ያወራኝ።

ይህን ልላት ስል ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ኅዳር 17

ትንሿ ስልክ አታነሳም። ብሎንም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ክሬም ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ።

ኅዳር 18

ዛሬስ ጉድ ነው። በወጉ ልጻፈው።

የማዳም ካፌ ዳገት ላይ ነው። መኪናዬን አቆምኩና ኬኩን አቅፌ ገባሁ። ባንኮኒው ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ... የእጅ ፍሬን አልያዝኩም! ማርሹም ዜሮ ላይ ነው! ካርቶኑን ማዳም እጅ ላይ ጥዬ ሮጬ ወጣሁ።

ቆማለች። ንቅንቅ የለም። ጨዋ ልጅ! ተመስገን ብዬ ልመለስ ስል... ቆይ። ለምንድን ነው የቆመችው? በፊት እዚች ቦታ ላይ ፍሬኑን ገና ለቀቅ ሳደርግላት ነው ቁልቁል የምትሮጠው።

በትከሻዬ ገፋኋት። እምቢ። ጎንበስ ብዬ የፊቱን ቸርኬ ነካሁ፤ ለብ ያለ። የኋላውን ስነካ... ጣቴን! ያ የተቃጠለ ሽታም ከዚያው ነው የሚመጣው።

"ምን ሆነሽ ነው ጎማ የምትዳብሺው?" ማዳም በር ላይ ቆመዋል።

"ኬኬ አላረረም!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛ ሁሉ ዞረ።

ለብሎን ደወልኩ። "ና እስቲ" ብቻ። መጣ። ሰላምታው ደረቅ ያለ ነበር። መኪናዋን ደልዳላው ቦታ ላይ ወስዶ ክሪክ አስገባ፣ የኋላውን አነሳ፣ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። ዙሩን ሳይጨርስ ቆመ። በዚያኛውም በኩል ያው። ከሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየኝ።

"እኔ ነኝ" አለ ከሥር።

"ምኑን?"

"አዲሱን ሸራ ስገጥም የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከልክ በላይ ወጥሬዋለሁ። አንቺ ስትነጂ ፍሬኑ እንደያዘ ነው። ናፍታሽን የበላው እሱ ነው።"

አንቺ! ደንግጦ እርስዎው ጠፋበት። ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

"ጠበቅ አድርግልኝ፣ ዳገት ላይ ነው የማቆመው ያልኩህ እኔ ነኝ እኮ።"

"ብትዪም። ነድቼ ሳልሞክራት ነው ያስረከብኩሽ። ደሞ እግርሽ ነው አልኩሽ..." ወጣ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል። "ይቅርታ።"

"እኔም ሌላ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት አንተ ጋ መምጣት ነበረብኝ።"

ገመዱን አላላው። የተቃጠለውን ሸራ ነገ በራሱ ወጪ እንደሚቀይር ነገረኝ። ዳገቱ ላይ መልሰን ሞከርናት፤ ፍሬን ሲለቅላት ሸርተት! እንደ ሕፃን ሳቅን። ማዳም ግን አልሳቁም። ሁሉንም ሰምተዋል።

ኅዳር 20

ጢም አድርጌ ሞላሁ። ትንሿ አሁንም አኩርፋለች። ለብሎን ይቅርታ ብያለሁ፣ ለሷ ግን ገና... ስልክ ካላነሳች እንዴት ልበላት?

ኅዳር 25

ቅዳሜ! ናፍታ አለ። እንዲያውም ለሰኞም ይተርፋል።

ጠዋት ማዳም ወጥ ቤቴ ድረስ መጡ፣ ለልደት ኬክ ሊያዙ። ትንሿም የብሎንን መልእክት ይዛ መጥታ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሰኞ ፍሬኑን ደግሞ ሊያየው ይፈልጋል። ዓይኗ ወለሉ ላይ።

"ያ መኪናሽን ያበላሸው ልጅ፣" አሉ ማዳም፣ "አሁንም እሱ ጋ ነው የምትወስጃት?"

ትንሿ ቀና አለች።

"አዎ።"

"ታምኚዋለሽ?"

"አምነዋለሁ። ስህተቱን ያገኘ ቀን ከመኪናው ሥር እንኳ ሳይወጣ ነው 'እኔ ነኝ' ያለኝ። ሌላው መካኒክ ደህናውን ፖምፓ አውልቆ ሊጥልብኝ ነበር። የርስዎንም መኪኖች ለሱ ይስጡት።"

ማዳም ጥቂት አሰቡ። ከክሬሙ በጣታቸው ቀመሱ። "እንግዲያው አንዷን ማክሰኞ ይያት። ሌላዋን ከዚያ በኋላ እናያለን።"

ሲወጡ ትንሿ ከኋላዬ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እጄ በሙሉ ዱቄት ነው።

"ልብስሽ ይበላሻል" አልኳት።

"ይበላሽ" አለች። አልለቀቀችኝም።