ቀትር ላይ የምትጠቁረው ስክሪን

ግንቦት 2፣ ጠዋት 12፡30
መርፌዬን ተወጋሁ፣ ቁርሴን በላሁ፣ ተመልሼ ገመዶቹ ላይ። አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመልእክት። ከትንሿ የኮምፒውተር ቦርድ ወደ ስክሪኗ። ሰማያዊ ትበራለች፣ ግን አንዲት ፊደል የለም። አርባ ዓመት ሬዲዮ ጠግኜ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ነገር አንበረከከችኝ።

ምክንያቱን ታውቃለህ፣ ደብተሬ፣ ግን ልጻፈው። ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኢንሱሊኔ ሞቀ። ሳላውቅ ተወጋሁት። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ልጄ ሜሮን ከአ/አ ደውላ ፈረደችብኝ፤ የድሬ ሙቀት ይገድልሃል፣ በ13 መጥቼ ይዤህ እሄዳለሁ፣ ክፍልህ ተዘጋጅቷል። ስልሳ አራት ዓመት ከኖርኩበት ከተማ ወጥቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ልቀመጥ? አላደርገውም። የፍሪጁን ዲግሪ ከውጭ የሚያሳይ ነገር እሠራለሁ። ከ8 ሊያልፍ ሲል መድኃኒቱ ወደ ጎረቤቴ ሐሊማ ሱቅ፣ በረዶ ሳጥኗ ውስጥ። አለቀ።

ግንቦት 4፣ ጠዋት 1፡00
ወጣ! እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ። ከጀርባዋ ሚጢጢ ብሎን አለች፣ ፊደሉን የምታደምቅና የምታደበዝዝ። እሷን ሳልነካ ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ስነቅል ስሰካ። በካቻቪቴ ትንሽ ዞር አደረግኳት፣ 5.5 ብላ ብቅ። ጮህኩ። ሐሊማ የወደቅኩ መስሏት ሱቋን ጥላ መጣች። ቁጥሩን ሳሳያት ለዚህ ነው ልቤን የምታወልቀው ብላ ተቆጣች። ይቆጡኝ። ዛሬ ማንም አይችለኝም።

ግንቦት 7፣ ከሰዓት 11፡00
ብስጭት። ሐሊማ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ እኔ ቀትር ላይ ስተኛ ገባ ብላ ታየኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ በ8 ሰዓት ስክሪኗ ላይ ጥቁር ሳጥን እንጂ ቁጥር የለም ትላለች። እኔ ስነቃ ግን ቁጥሩ ቦታው ላይ። ዓይንሽን ታዪ አልኳት። አኮረፈች። ቢሆንም ጥርጣሬ ገባኝ።

ግንቦት 9፣ ጠዋት 1፡15
ገመዶቹን ቀየርኩ። ፕሮግራሙን ከሥሩ ጻፍኩ። ጥርት ብላለች። እንግዲህ ሐሊማ ምን ትላለች? (በ8 ሰዓት መጣች። ያው ነው አለች። ቀን ቀረኝ፣ አራት።)

ግንቦት 10፣ ከቀኑ 8፡20
አልተኛሁም። ድሬ በሙሉ ተኝታለች፣ ባጃጁ እንኳ ጥላ ይዞ ቆሟል። እኔ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ፣ ላቤ ጠብ ጠብ። ቆርቆሮው እሳት ነው። በ6 ሰዓት ቁጥሩ ጥርት። በ7 ዙሪያው ጠቆረ። አሁን ጥቁር ሳጥን ብቻ!

ሐሊማ እውነቷን ነው። ስክሪኗ ስትሞቅ ትጠቁራለች። እኔ ብሎኗን የማስተካክለው ሁልጊዜ ጠዋት በቀዝቃዛው፤ ስትጠቁር ደግሞ እንደ ድሬ ሰው ተኝቻለሁ። የት አይቻት!

ብሎኗን ሩብ ዙር መለስኳት። 6.0። ብቻዬን ሳቅኩ። ሱቅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። "አቦ ጋሽ ታዴ፣ የኔ ዓይን ደህና ነው። ያንተ ነው ቀን ቀን የሚዘጋው" አለችኝ። ታረቅን።

ግንቦት 11፣ ጠዋት 12፡40
በቀዝቃዛው ፈዘዝ ትላለች፣ ግን ትነበባለች። ቀትር ላይም ትነበባለች። አሸነፍኩ!

ግንቦት 14፣ ከሰዓት 11፡30
ሜሮን ትናንት ገባች። ስለ ስክሪኗና ስለ ሐሊማ በረዶ ሳጥን ስነግራት እሺ እሺ እያለች ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ ተኛሁ።

ተኝቼ እያለ መብራት ጠፋ። ቦርዷ ግን በፓወር ባንክ ነው የምትሠራው። ሜሮን ውሃ ልትጠጣ ወጥ ቤት ገብታ 7.0 አየች። ቆማ ጠበቀች። 7.5። እኔን አልቀሰቀሰችም። መድኃኒቱን በረዶ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልላ ሐሊማ ጋ አደረሰች። "እኔ ትቼው ስሄድ ማን ያይለታል?" ብላ ጠየቀቻት። ሐሊማም እስከ ዛሬስ ማን ሲያይለት ነበር አለቻት።

ይህን ሁሉ ሜሮን የነገረችኝ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ነው። ከዚያ ተነስታ ሻንጣውን ከፈተች። ከዚያ፦

"አባዬ፣ ሸሚዞችህን የት ነው የምትሰቅላቸው?"

አሳየኋት። አንድ በአንድ እየሰቀለች ነው። እሷ ሰኞ ወደ አ/አ ትመለሳለች። እኔ እዚሁ ነኝ።