ሰባተኛው መልመጃና የእማዬ በር

የልቤ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሲበርድ ሰቅዞ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጫማሽን የሚያስርልሽ ባለቤትሽ ነው? እሱስ አዲሱን ሥራ ለመደው? ትንሿስ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀ ወይስ በምላሷ እየገፋች ታስቃችኋለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ዳሌዋ ጠግኗል፣ ምላሷ ድሮም አልተሰበረም። እኔ ግን ደህና ነኝ ብልሽ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው። ለሰው የማይነገር ነገር ሠርቻለሁ፤ ላንቺም በስልክ መናገር አቅቶኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሁለት ጊዜ ደውለሽ «አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ቆንጆ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል» አላልኩሽም? ፀሐይስ ይገባዋል። መግባት ያቃታት እማዬ ናት።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪል እስቴት ሳስተምር፣ በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሜትር ሳይዘረጋ የቤት ርክክብ የፈረመ ከእኔ ዜሮ ያገኛል።» እና አንቺ እዚያ ሆነሽ ቤቱን በሥዕል ገዝተሽ፣ ሁለት ዓመት ጠብቀሽ፣ «አንቺ የሙያው ሰው ነሽ፣ ተረከቢልኝ» ብለሽ ውክልና ስትልኪልኝ ልቤ ምን ያህል እንዳበጠ አትጠይቂኝ። የርክክቡ ዕለት ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይኸውልሽ፣ ውስጥ ነበር።

የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ፣ እኔና እማዬ አሁን «ቅቤው» የምንለው ሰውዬ፣ ገና ከሊፍቱ ስወጣ «ዶክተር፣ በዚህ በኩል፤ ዶክተር፣ ሲሚንቶው ጫማዎን እንዳያበላሸው» እያለ ተቀበለኝ። ዶክተርነቱን ገና እየተማርኩ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ አላልቅ ብሎኛል። እሱ ግን በሰው ሁሉ ፊት በአንድ ቀን አስመረቀኝ። ቁልፉን በቀይ ጥብጣብ አስሮ ሰጠኝ፣ ፎቶ አስነሳኝ፣ እስክሪብቶም ከኪሱ አወጣ። በሦስት ደቂቃ ፈረምኩ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል፤ እኔ ሳሩንም አላየሁ፣ ጥብጣቡን ነው ያየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ቤቱን ላሳያት ወሰድኳት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአሮጌው ቤት ወርዳ አታውቅም፤ አርባ ሁለቱ ደረጃ እስር ቤት ሆኖባታል። ሊፍት ያለው ቤት የገዛሽላትስ ለዚህ አይደል? አራት ተማሪዎቼ በወንበር ተሸክመው አወረዷት። በየፎቁ በሩን ከፍቶ ለሚያያት ጎረቤት ሁሉ እጇን እያወዛወዘች «ደህና ሁኑ፣ ከእንግዲህ በሊፍት ነኝ» እያለች ወረደች። እኔም ከኋላዋ መራመጃዋን ተሸክሜ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኜ።

አዲሱ ቤት ስንደርስ ሊፍቱ ሠራ፤ ተመስገን። ሳሎኑን ወደደችው፤ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወንበሯ የሚቀመጥበትን ቦታ መረጠች። ከዚያ ባለ አራት እግር መራመጃዋን እየገፋች ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመራች። ኮሪደሩ ላይ የመራመጃው እግር ግራና ቀኝ ግድግዳውን ፋቀው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊት ለፊት ሞከረች፣ እምቢ። በጎን ሞከረች፣ እምቢ። መራመጃውን አጥፈን ብናስገባው ደግሞ እሷ ምን ይዛ ትቁም? «ቀስ ብለሽ፣ እማዬ» ስላት «እኔማ ቀስ ብያለሁ፤ የቸኮለው በሩን የሠራው ነው» አለችኝ።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጠች ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ሜትር አወጣች። «በሩ ሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ መራመጃው ስልሳ ሦስት» ብላ ጮክ ብላ ተናገረች። ሜትር አንዴ ከተዘረጋ መች ይታጠፋል፤ መኝታ ቤቶቹን ለካች፣ ሳሎኑን ለካች፣ ወረቀት ላይ ዘጠና ሁለት ካሬ የተባለው ቤትሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰባ አራት ሆኖ ቁጭ አለ። የቀረው የት ሄደ እንዳትዪኝ። ከደረጃው፣ ከጄኔሬተሩ ክፍልና ከሊፍቱ ጉድጓድ ድርሻሽ ተቆጥሮልሻል። እታለም፣ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ድርሻ አለሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ! የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ሁሉ እኔው ማስተማሬ ነው፤ በየዓመቱ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። ለማሳያ የሠሩት ሞዴል ቤት ትዝ ይልሻል፣ ፎቶውን የላኩልሽ? በየዓመቱ ተማሪ እየነዳሁ አስጎበኘዋለሁ። የውስጥ በሮቹን አለመግጠማቸውን፣ ሰፊ የመሰለንም ለዚያ መሆኑን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ፈራ ተባ እያለ «ቲቸር፣ ቤቱን ማነው የተረከበው?» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ» አልኩት። የኋላ ወንበሯ ሜትሯን እየጠቀለለች «ዜሮ ነዋ» አለች።

እርር ድብን ብዬ «ይህን ቤት እንዲህ የከፋፈለው ሰው አሁኑኑ ይጠራልኝ» ብዬ የሕንፃው ጥበቃ ላይ ጮህኩ። ተጠርቶ መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከአምስት ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ! መስመር ሲያሰምር እጁ ንቅንቅ ስለማይል ክፍሉ በሙሉ «ማስመሪያ» ይለው ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። እማዬ ግን ለሰላምታ ጊዜ አልሰጠችውም። «ልጄ፣ ይህን በር የለካው ሰው እናት የለውም?» አለችው። «አለችኝ፣ እማማ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ታዲያ እሷ በየት ትገባለች?» ብትለው «እሷማ ጤነኛ ናት» አለ። «እኔም አምና ጤነኛ ነበርኩ» አለችው እማዬ።

ከዚያ ወደ ማብሰያው ክፍል ወሰደኝና ከስልኩ ውስጥ ፎቶ አሳየኝ፤ የድሮ የክፍል ሥራውን ወረቀት። ሰባተኛው መልመጃ። «አንድ ወለል ላይ አራት ቤት አለ፤ ሕንፃውን ሳታሰፉ አምስተኛ ቤት አውጡ» ይላል። መልመጃውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ሲያቅተው ማስመሪያ ኮሪደሩን አጠበበ፣ መታጠቢያ ቤቱን ጨመቀ፣ በሮቹን አሳነሰ፤ አምስተኛው ቤት ዱብ አለ። ወረቀቱ አናት ላይ በቀይ ቀለም፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ «ግሩም! ለክፍሉ ይታይ» ይላል። «ቲቸር፣ ሥራ ስጠይቅ ያሳየኋቸው ይህንን ነው፤ የቀጠሩኝም በእሱ ነው» አለኝ። ሊያሳፍረኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እያመሰገነኝ ነው እኮ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲሉ እኔን ነው ለካ።

ሰኞ ቅቤው ቢሮ ሄድኩ። ዶክተርነቴ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሽሮ «እትዬ» ሆኛለሁ። «እትዬ፣ ፈርመው ተረክበዋል እኮ» አለኝ። ውሉን አገላብጬ የማስተካከያ ጥያቄ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማቅረብ እንደሚቻል አሳየሁት፤ ዐሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ነው። እሱ ያለኝ፣ የእኛን በር ካሰፉ የሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ቤቶች ባለቤቶችም እናታቸውን ይዘው እንደሚሰለፉ ነው። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ አከፋፈሉ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ እንጂ እነሱ ከሆዳቸው ያወጡት እንዳልሆነ አስታወሰኝ። ማስመሪያ ሲቀጠር ያሳየው ወረቀት እስከ ዛሬ ፋይል ውስጥ ኖሯል።

ወሬ ክንፍ አለው፤ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አስጠራኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ በር ብለሽ አርባ ተማሪ ሜዳ ላይ ልታስቀሪ ነው?» አለኝ። ድርጅቱ በየዓመቱ ተማሪዎቻችንን ለተግባር ልምምድ ይቀበላል፤ ነገሩ እሱ ነው። ልምምዱ ምን መሰለሽ? ፀሐይ ላይ ቆሞ ማስታወቂያ ወረቀት ማደል! እኛም ቁጭ ብለን ውጤት እንሞላለን። አራት ዓመት እናስተምራቸዋለን፤ ዋጋ መገመት፣ ማስተዋወቅ፣ መሸጥ። «የገዢ ባህርይ» የሚባል ኮርስ እንኳ አለን፤ ገዢው አርጅቶ መታጠቢያ ቤት የሚሄድበት ምዕራፍ ግን የለውም። ይህን ስለው ኃላፊው ከት ብሎ ሳቀና «መልመጃው ያንቺ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ እኛን ማን ያስጠጋናል?» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወላወልኩ። እማዬን በእጅ ደግፈን እናስገባታለን፣ ሰው እንቀጥርላታለን፣ ዝም ብል ይሻላል እያልኩ ነው የዋልኩት። ነገሩን አቡክቼ ስጋግረው አደርኩ ማለቱ ይቀላል።

ዛሬ ጠዋት ግን እዚሁ አሮጌው ቤት ሳሎን ውስጥ ኮሽታ ሰምቼ ብወጣ፣ እማዬ ሁለት ወንበር አራርቃ አቁማ፣ መራመጃዋን ወዲያ ትታ፣ በመሃላቸው በጎን ለማለፍ ስትለማመድ አገኘኋት። የኋላ ወንበሯ ቅዳሜ ጮክ ብላ የተናገረችውን ቁጥር ይዛው ኖሯል፤ የወንበሮቹን መራራቅ ከቦርሳዬ ባወጣችው ሜትር ለክታለች። በርክክቡ ቀን ባልዘረጋሁት ሜትር፣ እታለም። በሁለት እጇ የወንበሮቹን መደገፊያ ይዛለች። ስታየኝ እንደተያዘ ልጅ ደንግጣ «አንቺን ከሥራሽ እንዳላጣላሽ ብዬ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እለምደዋለሁ» አለችኝ።

ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መልሼ፣ እሷን አስቀምጬ፣ የማስተካከያ ጥያቄውን እዚያው አጠገቧ ጻፍኩት። ቅዳሜ ከማስመሪያ ስልክ ያስላክሁትን ወረቀት አሳትሜ አያይዤበታለሁ፤ «ግሩም» የሚለውን ሰርዤ፣ ከሥሩ «ዜሮ፤ ለአስተማሪዋም ጭምር» ብዬ ፈርሜያለሁ። ማስመሪያ ጋ ስደውል በመታጠቢያ ቤቱና በዕቃ ማስቀመጫው መካከል ያለው ግድግዳ ሕንፃውን የተሸከመ እንዳልሆነ፣ አፍርሶ በሩን ማስፋት የሁለት ቀን ሥራ መሆኑን ነገረኝ። «ይህንኑ ጽፈህ ትፈርምልኛለህ?» ስለው፣ «እስከ ሐሙስ ላስብበት፣ ቲቸር» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ሳስብ ነበር።

እንግዲህ ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ከወለቀ ፎቶዋን ላኪ፣ እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ትልቁ ልጅሽ አርክቴክት እሆናለሁ ማለቱን ካልተወ፣ መጀመሪያ አያቱን ይዞ እንዲራመድ ንገሪው። ለአማትሽ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢና፣ የመታጠቢያ ቤታቸውን በር ስንት እንደሆነ ለክተሽ ጻፊልኝ። እማዬ «ልጄ በሰላም ትቆየኝ» ብላለች፤ ስለ ወንበሮቹ እንዳወቅሽ እንዳትነግሪያት።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ከቅቤው ቢሮ ስወጣ፣ ቤት ሳልገባ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ ማስመሪያ መፈረም አለመፈረሙን፣ ግድግዳው መፍረስ አለመፍረሱን፣ እኔም ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ።

ሜትሯን ከእጇ የማትለየው ታናሽሽ

ከእማዬ አሮጌ ቤት፣ ከአርባ ሁለቱ ደረጃ በላይ
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ አራተኛው ቀን