ክዳኑ ይከፈት አልኩ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ትንሽ ሻክሯል፣ ሰሞኑን የጮህኩት ቀላል አይደለምና።

አጎቴ "ልጅሽ አዋረደችኝ" ብሎ ሳይነግርሽ አይቀርም። እውነቱን ከእኔ ስሚው። ቤቱን ለመግዛት ከመፈረሜ በፊት የፍሳሹ ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንኩ ይታይልኝ አልኩ። ሻጩ የአጎቴ የልብ ወዳጅ ነው። "ሰው ሳሎን ያያል፣ ይቺ የሽንት ቤት ጉድጓድ ታያለች!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ደላላውም አብሮት ተንከተከተ። አጎቴ ደግሞ ወደ ጥግ ስቦኝ፣ "በሰው ፊት አታሳፍሪኝ፤ ይልቅ ወንድ ይዘሽ ነይ" አለኝ።

እማዬ፣ ደሜ ፈላ። "የምገዛው እኔ፣ የምኖርበት እኔ፤ ወንዱ ምን ሊያደርግልኝ ነው፣ ሊያሸትልኝ?" አልኩት። ሻጩን ክዳኑ የት ነው ብዬ ብጠይቀው ረሳሁት አለ። ልጆቹን ያሳደገበት ግቢ! አበባው መሀል አዲስ ሲሚንቶ አየሁና ሄጄ ቆምኩበት። ይህ ካልተከፈተ አልፈርምም አልኩ። ፀሐዩ አናቴን ቢበሳውም ንቅንቅ አላልኩም።

ሲጨንቃቸው ፍሳሽ የሚመጥ ሰው ጠሩና ክዳኑ ተፈነቀለ። ሽታው ደላላውን እስከ ውጭ በር አባረረው፤ እኔ አፍንጫዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። የዚያ ሁሉ ቤተሰብ ፍሳሽ የሚገባበት ጉድጓድ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ተመጦ ሲታጠብ ለካ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ያውም የመጠጥ ውሃ በሚቀዳበት ጉድጓድ በኩል። "ይህን ውሃ ትጠጡታላችሁ?" ብል የሻጩ ሚስት ቀደመችውና፣ "እኛማ ካቆምን ቆየን" አለች። አጎቴ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ጥላው ትሄዳለች ብለው ነበር። አልሄድኩም፤ ሌላ የሚስማማኝ ቤት የለምና። ግድግዳው እንደገና ተሠርቶ፣ ውሃ ተሞልቶበት አድሮ እንዳልጎደለ፣ የመጠጡም ውሃ ተመርምሮ መጥራቱን ሳላረጋግጥ ብዕር አላነሣሁም። ሻጩ እየተነጫነጨ ሁሉንም አሠራ። ትናንት ፈረምኩ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከጓሮ በኩል ብርሃን የሚገባበት ክፍል አለ፤ ቀለሙን ራሴ ቀባሁት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉም ያንቺ ብቻ ነው። አባቴ ከቤት ወጣ ሲል ልብስሽን ብቻ ይዘሽ ነይ። "ሰው ምን ይለኛል" አትበይ፤ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ጩኸትሽን በግድግዳው ሲሰማ ምን አለ? አባቴ ተከትሎሽ ቢመጣ በር ላይ የሚያገኘው እኔን ነው። አልጋ ሥር ተደብቃ ጆሮዋን ትይዝ የነበረችው ልጅ አድጋለች።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልኝ፤ እጅሽን ለመሳም ያብቃኝ።

የበኩር ልጅሽ