የጆንያ አበባ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ከጧት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ጆንያ። ሲባጎው ጣቴን በልቶታል። ዛሬም ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ አልወርድ አለኝ።

ደብተሬ፣ አንቺን የያዝኩሽ ወድጄ አይደለም። የጤና ጣቢያዋ ዶክተር ናት ያዘዘችሽ። የእንቅልፍ ክኒን ሰጠችኝና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፊ አለችኝ። ጭድ ተራ ቁጭ ብዬ የተቀደደ ጆንያ የምሰፋ ሴት ምን እጽፋለሁ? ዘነቡ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው።

ዘነቡ ታላቅ እህቴ። ሐምሌ ላይ ሞተች። ከጎጃም አብረን መጣን፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ኖርን። ቢጫ ሹራቧ አልጋዋ ላይ እንደታጠፈ አለ። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ለነዳያን ስጪው እያሉ ይነዘንዙኛል። ለእህት አራት ወር ይበቃል አሉ። ለባል ቢሆን፣ ለልጅ ቢሆን እሺ አሉ። እኔ ባልም ልጅም የለኝም። የነበረችኝ እሷ ናት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አንድ ነገር ሆነ። አይጥ የበላው ጆንያ ደረሰኝ፣ ሲባጎ አልቋል። ከተቀደደ የሽንኩርት ከረጢት ቀይ ክር መዘዝኩ። ቀዳዳውን ልድፈን ብዬ ጀመርኩ፣ እጄ ዝም ብሎ ሄደ። ስጨርስ አበባ! ልጆች ሳለን ቀሚስ ጫፍ ላይ የምንጠልፈው ዓይነት። ጠማማ ነው። ዘ. ብታየው ፈትተሽ ድገሚው ትለኝ ነበር።

ግን ያን ሁሉ ሰዓት ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ነገር አልነበረም። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ቀና ስል ርቦኛል። ሁለት ሳምቡሳ በላሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሰባት አበባ። ስድስቱን ጆንያ አሠሪያችን ጋሽ ዓለሙ ለአንድ ድንች ነጋዴ ሸጡት። ማንም ልብ አላለም። ትናንት ያለ ክኒን ተኛሁ። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አለቀልኝ።

አትክልት ተራ ነጋዴው ሁሉ ጆንያው ላይ የራሱን ክር ያስራል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ተሸካሚዎቹ ስም አያነቡም፣ ክር ነው የሚያዩት። ይሄን እያወቅኩ! ቀይ የሌላዋ ነጋዴ የእትዬ ሙሉ ነው። በኔ አበባ የተነሳ የድንች ነጋዴው ስድስት ጆንያ እሳቸው በር ላይ ተራገፈ። ሌባ ነሽ፣ አንተ ነህ ሌባ ተባብለው ተናነቁ። አንዱ ተሸካሚ ሊገላግል ገብቶ አፉ ደማ።

ጋሽ ዓለሙ አንዱን ጆንያ አምጥተው ፊቴ ወረወሩት። "ስፊ አልኩሽ እንጂ ጥለፊ አልኩሽ?" ከሲባጎ ሌላ ክር ካዩ እንዳልመጣ። ልክ ናቸው። የሚያቃጥለኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ማለዳ

ሰፈሩ በሙሉ ጭስ። ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ሁሉም ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል። የሰበሰብኩትን ቀይ ክር ይዤ ወጣሁና እትዬ ብርቄ ያነደዱት እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ፕላስቲክ ነው፣ ወዲያው ተኮማትሮ ጠፋ። ሹራቡንስ? አሉኝ። ጮህኩባቸው። ዘ.ን የገነዙልኝን ሴትዮ! ቤተ ክርስቲያንም አልሄድኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አልተነሳሁም። ክኒኑም አልሠራ። ለአንድ አበባ ይሄን ያህል? ሞኝ። ሞኝ።

አበባው አይደለም ግን። እጄ ሲሠራ ዘ. ያልሞተችበት ትንሽ ሰዓት ነበረኝ። ያቺን ነው ያጣሁት። አሁን ቀኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፣ የምይዘው የለኝም። እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ እንደምቀጥል አላውቅም። ይቅር በይኝ ደብተሬ፣ ዛሬ መጥፎ ነኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሃምሳ ሁለት ጆንያ፣ በሲባጎ ብቻ። ጋሽ ዓ. ጎበዝ አሉኝ። ምሳዬን እንደቋጠርኩት መለስኩት።

ያ አፉ የደማው ተሸካሚ መጣ፣ ባዩ ይባላል። ሊሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሸክም ሲያነሳ ትከሻው ላይ የሚያነጥፋትን ጆንያ አሳየኝ። ያቺ ጋሽ ዓ. የወረወሯት፣ አበባዋ ያለችባት። "ይቺማ የኔ ናት፣ እንግዲህ ማንም አይሰርቀኝም" አለ። አሳቀኝ። ሲሄድ አለቀስኩ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ጆንያ ገልብጠን ነው የምንሰፋው፣ ስንጨርስ ወደ ልኩ እንመልሰዋለን። ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ፣ ዛሬ ነው ያየሁት። የውስጡን ማን ያያል? ድንቹ። ድንች ደግሞ አይደባደብም።

ድሩን ከላይ ከላይ ብቻ እያነሳሁ በባዶ መርፌ ሞከርኩት። ወደ ውጭ አያልፍም። ጋሽ ዓ. ቢያዩብኝ ሥራዬ ሄደ፣ አውቃለሁ። ካልጠለፍኩ ግን እኔ ነኝ የምሄደው።

ክር የለኝም፣ አቃጥዬዋለሁ። ዘ. አልጋ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ሹራቡ ጭኔ ላይ። በእጇ የሠራችው ነው፣ ጥሩ ሱፍ። ለነዳያን አልሰጠውም፣ እዚህም አጥፌ አላስቀምጠውም። ከነገ ጀምሮ በየጆንያው ውስጥ አንድ ቢጫ አበባ። ጎጃምም የሚመለስ ጆንያ ይኖራል።

ፈትተሽ ድገሚው ትይኝ አልነበር? ይኸው። ከእጅጌው ጫፍ እጀምራለሁ። ቋጠሮው እምቢ አለኝ፣ አጥብቀሽ ነው ያሰርሽው። በጥርሴ